«ልጄ፣ ይሄን ጎማ ማን በላው?»

እናንተዬ! ይሄን ታሪክ ለመጻፍ ወራት ፈጅቶብኛል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ገጹን በስድብ እሞላው ነበር። ጥፋቱ የራሴ ሆነና ዝም አልኩ። ባለፈው እሁድ ግን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን ይዞ መጣና «እንደዚህች አስደርግልኝ፣ መካኒኩን አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ የማን መሰላችሁ? የራሴው መኪና! ከዓመት በፊት የተነሳች፣ የፊት ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ዘንበል ያሉ፣ ያኔ አምሮባት ነበር ብዬ የለጠፍኩት ፎቶ። እንግዲያውስ ልናገር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። አራት ጓደኛሞች አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን የጃፓን ድሪፍት እያየን ነበር። አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ መኪናዋ ወደፊት መሄድ ትታ በጎኗ ትሄዳለች፣ ጭሱ ሰማይ ይነካል፣ ሾፌሩ ደግሞ ቡና እንደሚጠጣ ሰው ዘና ብሏል። ከሁሉም ያፈዘዘችን አንዲት አሮጌ ኮሮላ ነበረች። «ኤ ኢ 86» ይሏታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተች ናት። ጃፓኖቹ «የድሪፍት ንጉሥ» የሚሉት ኬይቺ ሱቺያ ስሙን የተከለው በእሷ ነው።

አሁን ልብ በሉ! የኔዋ መኪና ደግሞ የዚያች ታላቅ እህት ናት። ከእሷ በፊት የወጣችው፣ እንደ እሷው ከኋላ የምትነዳው ኮሮላ። ከአጎቴ የወረስኳት፣ አዲስ አበባን ከኔ በላይ የምታውቅ አሮጊት። አንዱ ጓደኛዬ ቪዲዮውን አቆመና ጣቱን የፊት ጎማው ላይ አድርጎ «እያት! እግሯን እያት!» አለ። እውነትም የጎማው ላይኛው ጫፍ ወደ ሞተሩ ዘመም፣ ታችኛው ወደ ውጭ በርገድ ብሏል። ልክ እግሩን አንፈራጥጦ ለትግል የቆመ ሰው።

«ካምበር ነው» አለ ሌላው፣ ሊቅ በሊቅ ሆኖ።

በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ እኩያዬ ነው። «ስንት ዲግሪ ላድርግልህ?» ቢለኝ ስልኬን አውጥቼ አየሁ። አምስት ይላል። «በቃ አምስት አድርገው!» አልኩት፣ ልክ አምስት ማኪያቶ እንደሚያዝ ሰው። የፊት ሞላዎቹን አንዳንድ ቀለበት ቆረጠና መኪናዋን ዝቅ አደረጋት፤ የአሞርዛተሩ ራስ የሚታሰርበትን ቀዳዳ አስፍቶ ወደ ውስጥ ገፋው። ምስኪን፣ ሲጨርስ ነግሮኝ ነበር፤ «ወንድሜ፣ አሁኑኑ አላይመንት አስገባት፤ ካምበር ሲነካ ሌላውም አብሮ ይነካል» ብሎኛል። እኔም «ነገ» አልኩ። የአላይመንቱን ብር ግን ቸርኬዎቹን ጥቁር ቀለም አስቀባሁበት።

ሦስት ሳምንት ነገሥኩ። ቦሌ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። ድሪፍትማ አንድም ቀን አልሞከርኩም፤ የት አባቴ ልሞክር? ከሰፈር ሥራ፣ ከሥራ ሰፈር ነው መንገዴ። ግን የድሪፍት መኪና ትመስል ነበር፤ መምሰሏ በቂ ነበር።

ለነገሩ መኪናዋ ነግራኝ ነበር። ቀለበት መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ያሰመረው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ስትገባ መሪው ከእጄ ይነጠቅ ጀመር። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስይዝ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትለኛለች። ስልሳ ላይ ከፊት በኩል «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ ታሰማለች። እኔ ደግሞ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «የውድድር መኪና ድምፅ አወጣች» አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ!

ከዚያ ሐምሌ መጣ፣ የእህቴ ምርቃት። አዳማ ነው የምትማረው። እናቴ አጠገቤ፣ አክስቴ ከኋላ፣ ከአክስቴ ጎን በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ከዳቦው ጎን አበባ። ከመነሳታችን በፊት መኪናዋን አጠብኳት፤ ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፣ በእግሬም መታ መታ አደረግሁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ አዲስ ይመስላሉ። እናቴ «ደህና ናት?» አለችኝ። «አዲስ ጎማ ናት እማ!» አልኳት።

በክፍያ መንገዱ ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ሳንደርስ ነው። ካፊያ ጥሏል፣ ወደ ዘጠና ገደማ እየነዳሁ ነው። «ቧ!» አለ። መሪው ወደ ግራ ተጎተተ፤ መኪናዋ የመሀሉን የብረት አጥር ፍለጋ ሄደች። ያን ቅጽበት ያተረፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍሬን አልረገጥኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እግሬ ደንዝዞ ነው እንጂ! በኋላ ሳጣራ ግን መደረግ ያለበት እሱ ኖሯል፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪን በሁለት እጅ ጠብቆ ቀጥታ መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ፍሬኑን አለመንካት፣ ፍጥነቷ ራሱ እስኪሞት እየመሩ ወደ ዳር መውጣት። ፍሬን ቢረገጥ ኖሮ ክብደቱ ሁሉ በፈነዳው ጎማ ላይ ይጫናል፤ የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

ቆምን። አክስቴ ዳቦውን አቅፋለች። እናቴ ምንም አላለችም። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ ምናለ! ዝም ብላ ወርዳ ከብረት አጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመችና ነጠላዋን ተከናነበች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ክሪክ እያወጣሁ እያለ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከኋላችን ቆመ። ሸምገል ያለ ሰው ነው። «ተወው፣ እጅህ አይታዘዝህም» ብሎ ክሪኩን ቀማኝ። ጎማውን ፈቶ ስኮርታውን ካሰረ በኋላ የፈነዳውን አገላብጦ ተመለከተው። እጁን በውስጠኛው ጠርዝ በኩል አሳለፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ጎማ ማን በላው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ወደ ውጭ ያለው ጠርዝ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። መሀሉ ግማሽ። ወደ ውስጥ ያለው ጠርዝ ግን ሊሾ ሆኖ፣ ከሊሾም አልፎ ሽቦው እንደ አሮጌ ሹራብ ክር ተበጣጥሶ ወጥቷል። እኔ ጠዋት ዞሬ ያየሁት የውጩን ፊት ብቻ ነበር! ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የቀኙንም በእጁ ዳሰሰ። «ይሄኛውም ተራውን እየጠበቀ ነው። አርባ ላይ ሆነህ፣ በዳር ይዘህ ሂድ» አለኝና ወደ መኪናው ወጣ።

ምርቃቱን አረፈድን። ስንመለስ እናትና አክስቴ በሚኒባስ መጡ።

«ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

በሳምንቱ አንድ ጎሚስታ የሚሠራ ጎረቤታችን ወደ አንድ አዛውንት ላከኝ። ዕድሜያቸውን በአላይመንት የጨረሱ ሰው ናቸው። መኪናዋን መሣሪያው ላይ አወጧት፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ቀይ በቀይ ሆኑ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን አምስት ዲግሪ ከየት አመጣኸው?»

«ከጃፓን፣ ጋሼ።»

«የላከልህ ሰው ጎማም አብሮ ይልክልሃል?»

እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀብኝ። ይገባኛል። ከዚያ ግን ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ፤ እኔም ለእናንተ ላስተላልፍ።

ሁለት መዳፋችሁን ፊት ለፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ አቁሙ። ጣቶቻችሁ ወደ እርስ በርስ ሲዘነብሉ ካምበሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ወደ ውጭ ሲከፈቱ ፖዘቲቭ። አሁን ደግሞ ቆማችሁ እግራችሁን ቁልቁል እዩ። የእግር ጣቶቻችሁ ወደ ውስጥ ከተገናኙ ቶ ኢን፣ ወደ ውጭ ከተከፈቱ ቶ አውት ይባላል። ካስተር የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ የሚያጋድለው ነው፤ የብስክሌት ሹካን አስቡ። ብስክሌት እጅ ለቃችሁ ስትነዱ ቀጥ ብላ የምትሄደው በከፊል በሱ ነው። አለቀ። አላይመንት የሚባለው ጉድ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

«ጎማህን የበላው ማን ይመስልሃል?» አሉኝ ጋሼ።

«ካምበሩ ነዋ!»

«ካምበሩ ጠርዙ ላይ አስቀመጠው። የሞረደው ግን ቶው ነው።»

ስክሪኑን አሳዩኝ። ካምበሩ ሲነካ ቶው አብሮ ተከፍቷል፤ ማንም አልመለሰውም። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ግማሽ ዲግሪ ወደ ውጭ ያያል። ግማሽ ዲግሪ ምን አላት ትላላችሁ? እኔም ብያለሁ። ቤት ገብቼ ሳሰላው ግን ግማሽ ዲግሪ ጠምዞ የሚሄድ ጎማ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይጎተታል። ይንከባለላል ስትሉት በጎን እየተፋቀ ነው። የክፍያ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጊዜ አዳማ ደርሶ ማለት 700 ሜትር ያህል በጎን መጎተት ማለት ነው። ለዚያውም ሙሉ ፊቱን ሳይሆን በውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ቆሞ! ያ «ዉዉዉ» የሚለው ድምፅ የውድድር ድምፅ አልነበረም። ጎማው እያለቀሰ ነበር።

አሁን ደግሞ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። የድሪፍት መኪና ጎማው ያዘነበለው ለመዘንበል አይደለም። ቀጥ ለማለት ነው!

እንዴት ማለት ጥሩ ነው። መኪናዋ በግራ ኩርባ ላይ ስትንሸራተት ጭራዋ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ሾፌሩ ደግሞ እንዳትሽከረከር መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል። ያን ጊዜ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው የቀኝ የፊት ጎማ ነው። የድሪፍት መኪና ካስተሯ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሰባትም ስምንትም ዲግሪ የሚያደርጉ አሉ፣ ወደ ቀኝ የዞረው የቀኝ ጎማ ላይኛው ጫፉ ወደ ውጭ ይወድቃል። አስቀድሞ ወደ ውስጥ ዘንበል ያደረጉት ከሆነ ግን ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ በሙሉ ፊቱ አስፋልቱን ይረግጣል። ለዚህም የፊት ጎማዎቿ ከተለመደው መኪና እጅግ አብልጠው እንዲዞሩ ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚዞሩ አሉ። እኛ ቪዲዮውን ያቆምነው መኪናዋ ቆማ ሳለች ነበር። ያየነው ሥራ ፈትታ ስትጠብቅ ያለውን መልኳን ነው።

ካስተሩስ ለምን በዛ? ሾፌሩ መሪውን ሲለቀው መሪው ራሱ ተሽከርክሮ ወደ ተንሸራተተችበት አቅጣጫ እንዲዞር። ያ እጁን ለቆ ቡና እንደሚጠጣ የሚመስለው ሰውዬ ዘና ያለው በችሎታው ብቻ አይደለም፣ ካስተሩም እያገዘው ነው። የኋላ ጎማዎቿስ? እነሱ ብዙም አያዘነብሉም፤ ወደ ዜሮ የቀረቡ ናቸው። ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያውሉት እነሱ ስለሆኑ ሙሉ ፊታቸው ያስፈልጋል። በጥቂት ዙር ጥርሳቸው ያልቃል፤ ወዲያው ይለወጣሉ። ሲመሽ ደግሞ ያቺ መኪና በከባድ መኪና ተጭና ወደ ቤቷ ትሄዳለች እንጂ እናቷን ይዛ አዳማ አትሄድም!

የጎዳና መኪና ግን ከዕድሜዋ አብዛኛውን የምትጨርሰው ቀጥ ብላ በመሄድ ነው። እኔ የተበደርኩት የኩርባን መልስ ነበር።

ለካ አዋቂዎቹም ይጨነቁበታል

«የኛ ነገር!» ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 የቤልጂየም ግራንድ ፕሪ ላይ ሬድ ቡል ራሱ በዚሁ ጉዳይ ላብ አጥምቆታል። ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ የፊት ካምበር ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። ሬድ ቡል ከዚያ አሳለፈው። ከማጣሪያው በኋላ የፊት ጎማዎቻቸውን ሲያዩ ውስጠኛው ትከሻ ላይ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አብጦ አገኙት። የስፓ ሜዳ ረጅም ቀጥታ አለው፤ ቀጥታው ላይ ያዘነበለ ጎማ በጠርዙ ቆሞ ይግላል። ልብ አላችሁ? የኔው በሽታ ነው!

ከማጣሪያ በኋላ ደግሞ መኪና መነካካት ክልክል ነው፤ ካምበሩን ከቀየሩ ከመጨረሻ፣ ከፒት ሌን መነሳት ግድ ነው። ጎማ ለመቀየር ፈቃድ ቢጠይቁም አልተፈቀደም። እንዲያው ፈርተው እንዲሁ ተነሱ፤ ሁለቱንም ሾፌሮች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ጠርተው ጎማ ቀየሩላቸው። መጨረሻው አምሮ ሴባስቲያን ፌትል አንደኛ፣ ማርክ ዌበር ሁለተኛ ወጡ። ግን አስቡት፤ ያን ሁሉ መሐንዲስና ኮምፒዩተር ይዘው፣ ቁጥሩን ከተመከረው በላይ ስላሳለፉ ሾፌሮቻቸውን በፍርሃት ነው የላኳቸው።

እነሱ ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጡትም ይገርማችኋል። የወረዳ ተወዳዳሪ ሳይቀር መኪናው ዙሮች ጨርሶ ሲገባ የጎማውን ሙቀት በሦስት ቦታ ይለካል፤ ከውስጥ፣ ከመሀል፣ ከውጭ። ውስጡ ከልክ በላይ ከጋለ ካምበሩ በዝቷል፣ ውጩ ከጋለ አንሷል። ከዚያ ጥቂት ነክቶ እንደገና ይሄዳል። ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ሜዳና ከዚያ ጎማ ነው። በአሜሪካ የናስካር ውድድር ክብ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚታጠፉት፤ እና የቀኝ የፊት ጎማቸው ወደ ውስጥ፣ የግራው ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ሁለቱም ጎማ ወደ ግራ የተጋደለ ነው! ያቺን መኪና አምጥታችሁ መገናኛ አደባባይ ላይ ንዷት እስቲ።

የቶው ነገር ደግሞ ይብሳል። የውድድር ሰዎች የፊቱን ጎማ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፍቱታል፣ ኩርባ ሲመጣ ቶሎ እንድትታጠፍ። ቀጥታ ላይ ግን ይፍቃቸዋል። መርሴዲስ ምን አደረገ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ባርሴሎና ላይ ሲሞክሩ ሉዊስ ሃሚልተን ቀጥታው ላይ መሪውን ወደ ደረቱ ሲስብ በካሜራ ታየ። መሪው ሲሳብ የፊት ጎማዎቹ ቶ ይቀየራል! ለኩርባ አንድ፣ ለቀጥታ ሌላ። በዚያ ዓመት ተጠቀሙበት፤ ከ2021 ጀምሮ ታገደ። እኛ ግን የሚሳብ መሪ የለንም፤ አንዴ የታሰረው ቶ ታስሮ ይቀራል።

እናስ ምን ትመክረናለህ?

መጀመሪያ የውስጡን እዩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሩትና መኪናዋ ቆማ፣ ጠፍታ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ ተመልከቱ። ከዚያ መዳፋችሁን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በጥርሱ ላይ አሳልፉ፤ ሽቦ የወጣ ከመሰላችሁ ግን እጅ አታስገቡ፣ ይቆርጣል። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚይዛችሁ ከሆነ ቶው ተዛብቷል። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ካምበር ወይም ቶ፣ ወይም እንደኔ ሁለቱም። ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሀሉ ከቀረ ንፋስ አንሶታል፤ መሀሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፣ እጅና ወገብ በቂ ነው።

ደግሞ አላይመንትንና ባላንስን አታምታቱ። መሪ ሰማንያና መቶ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባላንስ ነው፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ክብደቱ አልተመጣጠነም። መሪው ጠምዞ ቀጥታ የምትሄድ ወይም ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነ ወደ አላይመንት ሂዱ፤ መጎተቱ ግን ከንፋስ ወይም ከፍሬንም ሊመጣ ስለሚችል ቀድማችሁ እነሱን አሳዩ።

ጋሼ ከሁሉም አጥብቀው የነገሩኝ ቅደም ተከተሉን ነው። ቴስቲና የላላ፣ ብራቾው ጎሚኒ የበላ መኪና ላይ አላይመንት መሥራት ብር መጣል ነው፤ ከመሣሪያው ላይ ሳትወርድ ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ የላላው ይቀየር፣ ንፋስ ይስተካከል፣ ከዚያ ካስተርና ካምበር፣ ቶ ሁልጊዜ መጨረሻ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ታስሮ። የኋላው የሚስተካከል መኪና ከሆነ ከፊቱ በፊት የኋላው። የኔ ዓይነቷ ኮሮላ የኋላ አክሰሏ አንድ ወጥ ስለሆነ የሚነካ ነገር የላትም፤ ቢሆንም ጠሟ እንደሆነ ይለካል። ሞላ ወይም አሞርዛተር ከተቀየረ፣ ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ከገባችሁ፣ ተመልሳችሁ አስለኩ። ስትወጡም ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ጠይቁ፤ «ጨርሻለሁ» የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አትኩራሩ። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጉልበቷም ሲረግጧት በአንዴ ይመጣል፤ የተዛባ ጎማ እናንተ ዘንድም ቶሎ ያልቃል።

የእውነት መወዳደር የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ ደግሞ አልከለክልም፣ ማን ነኝና! ብቻ ያቺ መኪና ለብቻዋ ትሁን፣ ሜዳዋም የተዘጋ ይሁን፤ በሷ ገበያ አይኬድባት።

ጋሼ የኔን ሲጨርሱ ካምበሩ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፣ ቶው ወደ ውስጥ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ። ሞላዎቹን ሁለቱንም፣ የፊት ጎማዎቹንም ሁለቱን መግዛት ነበረብኝ፤ የሁለት ወር ደሞዜ እንደ ጭስ ሄደ። ስነዳት ግን መሪው ከእጄ አይነጠቅም። ቀይ መብራት ላይ ማንም ዞሮ አያየኝም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አልገባችም። ለጥምቀት ግን «ታክሲ ከጠፋማ ምን አደርጋለሁ» ብላ መጣች። ከመግባቷ በፊት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለችና ጎማውን ከውስጥ በኩል አየችው። ምን እንደምታይ አላውቅም፤ እኔ አላስተማርኳትም። እስከ ዛሬ ሳታይ አትገባም።

እና ባለፈው እሁድ ለመጣው ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ተረክሁለት። ያን የፈነዳ ጎማ አልጣልኩትም፣ ጓሮ ነው ያለው፤ አወጣሁና እጁን አስይዤ ከውጩ ወደ ውስጡ አሳለፍኩለት። ሽቦው ጋ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔም ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

«ግን እንዲያው...» አለኝ በመጨረሻ፣ «ሁለት ዲግሪ ብቻ ብናደርጋትስ?»

«ቶውን ማን ያስተካክልልሃል?» አልኩት።

«ነገ አስገባታለሁ!»